የፍቅር መጽሐፌን በጋዜጣ አልሸፍንም

ታክሲ ውስጥ ስለ ሀብት ወይም ስለ አእምሮ ኃይል የሚያወራ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ይከበራል። ወያላው እንኳን ሒሳብ ሲቀበለው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ይመስለኛል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ የፍቅር ልቦለድ ከያዘች ግን ጉዷ ፈላ። "ጊዜ ተርፎሽ ነው?" የምትል ፈገግታ ከየት መጣች ሳትባል ትመጣለች። ስለዚህ ስንቷ ናት ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልላ የምታነበው! እኔ ሁለቱንም ዓይነት አነባለሁ። ሁለቱም ያስደስቱኛል፣ ሁለቱም ያናድዱኛል። ከሁለቱ ቃሉን የሚጠብቀው የትኛው ነው ብትሉኝ ግን ሳላመነታ የፍቅሩን እላለሁ።

የፍቅር ልቦለድ ውል አለው። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ ደንቡ ግልጽ ነው። የታሪኩ እምብርት ፍቅር መሆን አለበት፤ መጨረሻው ደግሞ ተስፋ ያለው። የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበርም የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች ካልተገናኙ መጽሐፉ ግሩም ሊሆን ይችላል፣ ግን ቦታው ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። "መጨረሻው የታወቀ መጽሐፍ ምኑ ይነበባል?" የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እኔን የሚያሳርፈኝ እኮ እሱ ነው። ማን ይሞታል ብዬ ልቤ ስለማይሰቀል፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ምን እንደሚደባበቁ፣ የቱ ጋ እንደሚፈሩ በደንብ አያለሁ።

አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በፍቅር ልቦለድ ስሙ የገነነው ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው አሳታሚ ለንደን ውስጥ የተቋቋመው በ1908 ነው። መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ነበር የሚያሳትመው፤ ፍቅር ላይ ያተኮረው በ1930ዎቹ ነው። በዚያው በ1908፣ ማለትም በእኛ 1900 ዓ.ም.፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ አሳተመ። በኋላ "ጦቢያ" ተብሎ የታወቀው ነው። ምን አለበት? ወንድ መስላ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ቆንጆ አለች። በእሷ ፍቅር የሚወድቅ፣ ለእሷ ሲል ሃይማኖቱን የሚቀይር ንጉሥ አለ። መጨረሻው ሠርግ ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ መጽሐፍ የሚያስተዋውቁት ልጆች ቢያገኙት በአንድ ሳምንት ከገበያ ያልቅ ነበር።

ታዲያ በሠርግ የጀመረው ልቦለዳችን ምን ሆኖ ለቅሶ ቤት ገባ? "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ነው የጻፈው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደማይሆንላቸው እያወቀ ነው አገር ጆሮውን የሰጠው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው "ኦሮማይ" ላይም ፊያሜታ ጊላይን እናፈቅራታለን፣ ከዚያ እንቀብራታለን። በእነዚህ መጻሕፍት ቅር አልሰኝም። ባላባት ልጁን ለድሃ በማይድርበት አገር፣ ጦርነት ውስጥ ባለ አገር፣ ፍቅረኞቹን አጋብቶ መጨረስ ውሸት በሆነ ነበር። የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ልማድ ነው። ካላስለቀሰ ቁም ነገር የለውም የምንል አንባቢዎች ሆንን። ደስታ ላይ የሚያልቅ ታሪክ ስናገኝ "ፊልም ነገር" እንላለን። ደስታም እኮ ይጻፋል፤ እንዲያውም ለመጻፍ የሚከብደው እሱ ነው። ሞት ታሪኩን ራሱ ይዘጋልሃል። ሁለት ሰዎች አብረው ሊኖሩ መወሰናቸውን አሳማኝ ማድረግ ግን ላብ ያስጠምቃል።

ወደ ዛሬዎቹ ልምጣ። የዘመኑን የእንግሊዝኛ ፍቅር ልቦለድ ያነበበ ሰው ዘዴዎቹን ያውቃቸዋል። ሰዎቹ መጀመሪያ ዓይንህን ላፈር ይባባላሉ። ወይም ለዘመድ ሠርግ ሲሉ ፍቅረኛሞች ነን ብለው ይዋሻሉ። ወይም በዝናብ ሌሊት አንድ ሆቴል ይደርሳሉ፤ የተረፈው ክፍል አንድ፣ አልጋውም አንድ ነው። (ያ አልጋ መቶ ጊዜ ቢመጣም አይሰለቸኝም።) የሚሰለቸኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ሁለቱ የግድ ይጣላሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ተደውሎ የሚያልቅ ነገር ነው። እሷ የሆነ ነገር ትሰማለች፣ ሳትጠይቅ ሻንጣዋን ትሸክፋለች፤ እሱ ያብራራ እንዳይባል ከተማ ለቆ ይሄዳል። ሃምሳ ገጽ እናለቅሳለን። ይህን ጊዜ "ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?" እላለሁ ለራሴ። ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሰዎች ቢቀመጡ፣ ቡና ቢፈላ፣ "አንተ ምን አልካት? አንቺስ ምን ሰማሽ?" ቢባል፣ ከቀትር በኋላ ይታረቁ ነበር።

ቀልዴን ብቻ አይደለም። በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ ፍቅረኞቹ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ቀልደኛ ጓደኛ፣ አንዲት እህት፣ አለቀ። እኛ ጋ የሚዋደዱት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ የሚያገባቸው ግን መንደር ሙሉ ነው። እናት አለች፣ አክስት አለች፣ "የማን ልጅ ነው?" የሚል አጎት አለ፣ ከውጭ ሆና ወጪውን የምትሸፍን እህት አለች። ለፍቅር ልቦለድ ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ሁለቱን ለማጣላት አርቲፊሻል ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ ምክንያቱ ቡና ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል።

ከዘመኑ ጸሐፊዎች ኤሚሊ ሄንሪን እወዳታለሁ። በ2020 ያወጣችው "ቢች ሪድ" የፍቅር ልቦለድ ደራሲዋን ጃንዋሪንና "ቁም ነገረኛ" ልቦለድ ጸሐፊውን ገስን ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ጎረቤት ያደርጋቸዋል። ይወራረዳሉ። እሷ የእሱን ዓይነት ጨለማ መጽሐፍ ልትጽፍ፣ እሱ ደግሞ በደስታ የሚያልቅ። ጃንዋሪ አባቷ ሞቶባታል፤ ከሞተ በኋላም ከእናቷ ሌላ ሴት እንደነበረችው ሰምታለች። ደስተኛ መጨረሻን የምትሸጠው ሴት ራሷ ማመን አቅቷታል። አንድ ቦታ ላይ ለገስ የምትለው አለ። በመጽሐፎቼ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ስማቸውን ቀይረህ ወንድ ብታደርጋቸው ሥራዬ በቃ ልቦለድ ይባል ነበር፣ ሌላ ቅጽል አይለጠፍበትም ነበር ትለዋለች። ታክሲ ውስጥ ያለችውን ፈገግታ እዚህ ጋ አስታወስኳት።

ስለ ደራሲዋ ኮሊን ሁቨር ደግሞ ብዙ ተጣልቻለሁ። "ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ" የወጣው በ2016 ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቲክቶክ ላይ ልጆች እያለቀሱ ሲያስተዋውቁት ዳግመኛ ተወለደ፣ በ2024 ፊልም ሆነ። አረፍተ ነገሮቿ አይጥሙኝም። ስሜትን ሁለቴ ሦስቴ ትነግርሃለች፣ አንተ እንድትደርስበት አትተውህም። ግን አንድ ነገር አድርጋለች፣ ያን ማንም አይነጥቃትም። ሊሊ አባቷ እናቷን ሲደበድብ አይታ ያደገች ልጅ ናት። የምታፈቅረው ራይል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው፤ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ። መጽሐፉ ገና በጊዜ በእሱ ፍቅር እንድንወድቅ ያደርገናል። አንድ ማታ ትኩስ ሳህን ከምድጃ ሲያወጣ እጁ ይቃጠላል። እሷ ትስቃለች። ይገፈትራታል። ወድቃ ትጎዳለች። ከዚያ ልመናው፣ እንባው፣ "አላሰብኩትም" ማለቱ።

ያንን ገጽ ሳነብ መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው "እጁን አሞት ነው እኮ" የሚል ነበር። የደራሲዋ ወጥመድ እሱ ነው። አንባቢዋን ራሷን ሰበብ ፈላጊ ታደርጋታለች። "ንዴታም ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው" ሲባል ያልሰማች ሴት በእኛ አገር አለች? "ካልቀና አይወድሽም" ያልተባለችስ? አንድ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይህንን "የጥቃት ዑደት" ብሎ በሦስት ነጥብ ያስቀምጥልኛል፤ እኔም አነባለሁ፣ እስማማለሁ፣ ሰበብ ፈላጊዋ ሌላ ሴት እንደሆነች አምኜ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ልቦለዱ ግን እኔኑ ያዘኝ። መጨረሻው ላይ ሊሊ የወለደቻትን ሕፃን ራይል ታቅፏት ሳለ ትጠይቀዋለች፤ ይህች ልጅ አንድ ቀን መጥታ "የምወደው ሰው መታኝ" ብትልህ ምን ትላታለህ? መልሱን ሁለታቸውም ያውቁታል። ትለየዋለች። ደራሲዋ ታሪኩን ከእናቷ ሕይወት እንደቀዳችው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጽፋለች።

ገበያው ግን ይህን አልተረዳም። በ2023 ከመጽሐፉ ጋር የተያያዘ ቀለም የሚቀባበት ደብተር ሊወጣ ነው ተባለ። አስቡት፣ በባሏ የምትደበደብ ሴት ታሪክ ላይ እርሳስ ይዞ አበባ መቀባት! አንባቢዎች ጮኹ፣ ሐሳቡ ተሰረዘ፣ ደራሲዋም ልክ ናችሁ አለች። የፍቅር ልቦለድ አንባቢ ነፈዝ ናት የሚል ሰው ካለ ያን የጮኸውን ሕዝብ ያስታውስ።

አሁን ወደ ተከበረው መደርደሪያ እንሂድ። ለገሃርም ሆነ ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ የመጽሐፍ አዟሪ ስታስቆሙ፣ ክንዱ ላይ ከተቆለለው ብዙው አነቃቂ ነው። ሀብት፣ ልማድ፣ ስኬት፣ ሚስጥር። በትርጉም በትርጉም ተንበሽብሸናል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ደመወዝ አይበቃም፣ ሥራ የለም፣ እና አንድ ሰው መጥቶ "ቁልፉ አንተ እጅ ነው" ይላል። ማን ይጠላል? እኔ ግን እነዚህን መጻሕፍት ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። እነሱም የፍቅር ልቦለድ ናቸው። ተፈቃሪው የዛሬ አምስት ዓመት የሚመጣው ያንተው ራስህ ነው፤ ሸንቃጣ፣ ሀብታም፣ ማልዶ የሚነሳ። ደስተኛ መጨረሻም ቃል ተገብቷል። ልዩነቱ፣ የፍቅሩ መጽሐፍ ቃሉን ገጹ ውስጥ ይፈጽማል። ይሄኛው ዕዳውን ላንተ አስተላልፎ ይሰናበታል። ካልተሳካልህ አጥፊው አንተ ነህ፤ በደንብ አላሰብክም፣ በደንብ አልፈለግክም።

የ21 ቀኑን ወሬ ውሰዱ። ልማድ በ21 ቀን ይቀየራል ያላለ አነቃቂ ተናጋሪ ፈልጉና አምጡልኝ። የዚህ ወሬ ሥር ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በ1960 ያወጣው መጽሐፍ ነው። ሰውዬው ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይወስድባቸዋል ነው። "ቢያንስ" እና "ገደማ" መንገድ ላይ ቀሩ። በኋላ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ይዘው ሲያጠኑ አማካዩ 66 ቀን ሆነ፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ለእኔ የጥናቱ ቁም ነገር ያ ልዩነት ነው። ሰው ይለያያል፣ ልማዱም ይለያያል። አሁን ግን "66 ቀን" የሚል አዲስ ድግምት ይዘው የተነሱ አሉ። ቁጥሩ ተቀየረ፣ ድግምቱ ያው ነው።

10,000 ሰዓት የተለማመደ ሰው በሙያው ይራቀቃል የሚለውም እንዲሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን በበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ላይ በ1993 ያሳተመውን ጥናት ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል በ2008 "ደንብ" አደረገው። ኤሪክሰን ቆይቶ ራሱ መጽሐፍ ጽፎ 10,000 አማካይ እንጂ ደንብ አይደለም፣ ከምርጦቹም ግማሽ ያህሉ በ20 ዓመታቸው እዚያ አልደረሱም ብሎ ተናገረ። ማን ሰማው? "ይለያያል" የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አዟሪው አይሸከምም። የሥነ ልቦና ሊቁን ዳንኤል ካህነማንን የማከብረው እዚህ ላይ ነው። በ2011 መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ላይ የተደገፈባቸው ትንንሽ ጥናቶች ሲወላገዱ፣ በ2017 በአደባባይ፣ አብዝቼ አምኛቸው ነበር አለ። የኖቤል ተሸላሚ ነው እንዲህ ያለው። የእኛዎቹ አነቃቂዎች ግን መድረክ ላይ ሆነው "ሳይንስ አረጋግጧል" ሲሉ የትኛው ሳይንስ ብለህ ብትጠይቅ ማይኩን ይነጥቁሃል።

ማልዶ መነሳቱማ! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ዓለምን ይገዛል የሚሉ መጻሕፍት አሉ። በ11 ሰዓት መነሳት ሚሊየነር የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ አትክልት ተራ የሚወርዱት ቸርቻሪ እናቶች ዛሬ ቦሌ ላይ ሕንፃ ባቆሙ ነበር።

ማልዶ ስለ መነሳት የምወደው መጽሐፍ ሌላ ነው። ማይክል ክሮሊ የተባለ ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት በ2020 ስለ እኛ ሯጮች ያወጣው። አዲስ አበባ 15 ወር ኖሮ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ከልጆቹ ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ እየሮጠ የጻፈው ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ዳገት የሚሮጡ አሉበት። ግን ማንም እዚያ ውስጥ "ብቻህን ታገል" አይልም። ሯጮቹ ለፈረንጁ የሚነግሩት ተቃራኒውን ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ነው፣ መለወጥ የሚፈልግ ከሰው ጋር ይሮጣል። ጫካው ውስጥ በሰልፍ የፊተኛውን እግር እያዩ ይጠማዘዛሉ። መሪው ይቀያየራል። ስለ ኢትዮጵያ ሯጭ ከውጭ የሚጻፈው ብዙው ከፍታና ዘር፣ ድህነትና ባዶ እግር ላይ ያበቃል። ይህ ሰውዬ ግን ቆይቶ አየ። የሚገርመው፣ ስለ ልማድ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ስለ ልማድ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሳያስበው።

አቱል ጋዋንዴም እንደዚያው። "ቢዪንግ ሞርታል"ን በ2014 ያወጣው የቦስተን ቀዶ ሐኪም። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር አሉ። አከርካሪያቸው አጠገብ ላለ ዕጢ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። ልጃቸው፣ ራሷም ሐኪም፣ ምን ያህል ሥቃይ ብትከፍል ነው መኖር ለአንተ የሚያዋጣው ብላ ትጠይቃቸዋለች። ቸኮሌት አይስክሬም መብላትና ቴሌቪዥን ላይ የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ከቻልኩ ይበቃኛል ይላሉ። ልጅ ደነገጠች፤ አባቷ ጨዋታ ሲያዩ አይታም አታውቅ። በኋላ ደም ፈሶ ቶሎ ውሳኔ ሲያስፈልግ ግን፣ አይስክሬም መብላትና ጨዋታ ማየት ይችሉ ይሆን ብላ ሐኪሞቹን የጠየቀችው በዚያ መልስ ነው።

ይህን ክፍል መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩበት። እኛ ዘንድ ሕመምተኛው አይነገረውም። ሐኪሙ ቤተሰቡን ወደ ጥግ ይጠራል፣ ትልቁ ልጅ ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም ፊቱን አስተካክሎ "ደህና ነው አሉ" እያለ ይገባል። አባቴ በታመመ ጊዜም እንደዚያው አደረግን። ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው አልነበረም። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ የሰውየውን ቃል ግን እንነጥቀዋለን። ጋዋንዴ "ይህን አድርጉ" ብሎ አምስት ነጥብ ቢዘረዝርልኝ "የፈረንጅ ነገር" ብዬ አልፈው ነበር። የገዛ አባቱን ሕመም ስለጻፈ፣ እሱም ሐኪም ሆኖ መጠየቅ እንደቸገረው ስላሳየ፣ ማለፍ አልቻልኩም።

እንግዲህ ለፍቅሩም ለእውነተኛውም የምጠቀመው ሚዛን አንድ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሰው አለ ወይ? ለደራሲው ሐሳብ አልታዘዝ ያለ ሰው? አይስክሬም የሚሉ ፕሮፌሰር ማንም አይፈጥራቸውም። ሊሊም ቢሆን ራይልን እየወደደች ነው የምትለየው፤ ለትምህርት ሲባል ቶሎ አልጠላችውም። በስኬት መጻሕፍቱ ውስጥ ግን ሰዎቹ ሁሉ ታዛዥ ናቸው። ምዕራፉ ሲከፈት ይወድቃሉ፣ ሲዘጋ ይነሳሉ።

አሁን የምመኘው አንድ መጽሐፍ ነው። አማርኛ፣ የዛሬ፣ የፍቅር፣ እና በደስታ የሚያልቅ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። አክስትየዋ ትቃወም፣ ሽማግሌዎቹ ይከራከሩ፣ ሦስት አራተኛው ላይ ይጣሉም ግድ የለም። ማንም እንዳይሞት ብቻ። እንዲህ ያለ ካነበባችሁ ጠቁሙኝ። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉን ግን እንዳትልኩልኝ፣ ገዝቼ ነው የማነበው። ደራሲውም ይብላ።